ሬዲዮውን የፈታው ልጅ

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። አንዴ ማታ፣ አንዴ ጠዋት። ሌላው አንባቢም ነገሩ እንዲገባው መጀመሪያ የጻፍሽልኝን ባጭሩ ላስቀምጥ።

የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ትኖሪያለሽ። ወንዱ ልጅሽ አራት ዓመት ተኩል ሆኖታል፣ ሴቷ ዓመት ከስምንት ወሯ ነው። ባለቤትሽ ሹፌር ስለሆነ ሳይነጋ ይወጣል፣ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ይገባል። አንቺ ትንሿ ከተወለደች ወዲህ ሥራ አቁመሽ ቤት ነሽ። የባለቤትሽ አባት ከሦስት ወር በፊት ስላረፉ እናቱ እናንተ ጋ ገብተዋል። ከዚያ እንዲህ ብለሻል፦

«ልጄ ዓይኑን ከገለጠ ጀምሮ አፉ አይዘጋም። ሚስማሩ ለምን ዛገ፣ ውሃው ለምን ጠፋ፣ ጅብ ማታ ማታ ለምን ይጮሃል፣ ለምን፣ ለምን። እጁም አያርፍም። ዱቄት ላይ ዘይት ይደፋል፣ የበሩን ቁልፍ ሽንት ቤት ውስጥ ይከታል። ለቅሶው ላይ ሰው ሁሉ በተቀመጠበት ‹አባባን አፈር ውስጥ ከከተታችሁት በምን ይተነፍሳሉ?› ብሎ ጮክ ብሎ ሲጠይቅ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ቆነጠጥኩት። ባለፈው ሳምንት ደግሞ የአባባን ሬዲዮ በቢላ ፈታትቶ ወለሉ ላይ በትኖት አገኘሁ። አማቴ ሲያዩት አለቀሱ። እኔም ተናደድኩና መታሁት። በጣም ነው የመታሁት። ከዚያ ወዲህ እኔን ሲያይ እጁን ይደብቃል። አማቴ ‹ቀዥቃዣ ነው፣ ካሁኑ ካልተገራ አይመለስም› ይላሉ። ጸጥ የሚለው ስልክ ስሰጠው ብቻ ነው። አባባ በሕይወት እያሉ እንኳ አጠገባቸው ቁጭ ብሎ ሬዲዮ ሲያዳምጥ ዝም ይል ነበር። ምን ላድርግ?»

ልቤን የነካው «እጁን ይደብቃል» ያልሽው ነው። ግን ስለ ሬዲዮው ሳንነጋገር እጁ ጋ አንደርስም።

አባባ ሬዲዮ ሲያዳምጡ አጠገባቸው ቁጭ ይል እንደነበር የጻፍሽው መጨረሻ ላይ ነው፣ እንደ ትርፍ ነገር። ለእኔ ግን የደብዳቤሽ ዋና ነገር እሱ ነው። በልጁ ዓይን እዪው እስቲ። አባባ አንድ ቀን ጠፉ። እንዴት ሆኑ ሲል ተቆነጠጠ። የአባባ ሬዲዮ ግን ቤታችሁ መጣ፣ ውስጡ ያ የሚያውቀው ሰውዬ ያወራል፣ ያ ሰውዬ ደግሞ ሲያወራ ድሮ አባባ አጠገቡ ነበሩ። ታዲያ ሰውዬው የት ነው ያለው? የሚነግረው ሰው ሲያጣ ራሱ ከፍቶ ሊያይ ገባ ባይ ነኝ። ተሳስቼ ሊሆን ይችላል፣ ልጁን የምታውቂው አንቺ ነሽ። ስለዚህ ጠይቂው። ቁጣው ካለፈ በኋላ፣ ቁመቱ ድረስ ዝቅ ብለሽ፣ «ሬዲዮውን ስትፈታ ምን ልታይ ነበር?» በይው። መልሱን ጠብቂ። አታቻኩዪው።

አሁን ስለ ለቅሶው። እኛ አገር ለቅሶ ቤት ውስጥ ልጅ ዝም ይላል፣ እፍረትሽ ይገባኛል። ጥያቄውን ግን ብቻውን አውጥተሽ እዪው። አፈር ውስጥ አየር የለም፣ ሰው ያለ አየር አይኖርም፣ ስለዚህ አባባ ተጨንቀዋል። የአራት ዓመት ልጅ ይህን ሁሉ ራሱ አገጣጥሞ እዚያ ደረሰ። ማወክ ፈልጎ አልነበረም፣ ለአባባ ፈርቶ ነው። መልስ ስላላገኘ ደግሞ ዛሬም አባባ እዚያ ታፍነው እንዳሉ ያስብ ይሆናል። ሦስት ወር ሙሉ።

ስለዚህ ዛሬውኑ ንገሪው። በቀላል ቃል። «አባባ ሞተዋል። ሰው ሲሞት ሰውነቱ መሥራት ያቆማል። አይተነፍስም፣ አይርበውም፣ አይበርደውም፣ አያመውም። አፈሩም አይከብዳቸውም።» ከዚያ የምታምኚውን ጨምሪበት። ነፍሳቸው እግዚአብሔር ጋ ናት የምትይ ከሆነ እሱንም በይው። ቅድሚያ ግን የሰውነታቸው ነገር ይነገረው፣ የጠየቀው እሱን ነውና። «ተኝተዋል» አትበይው። ልጅ ቃሉን እንደወረደ ነው የሚወስደው፤ ከነገ ጀምሮ አልተኛም ይልሻል፣ አንቺ ጋደም ስትዪም ይፈራል።

«ውጭ አገር ሄደዋል» የሚባለውንም ተይው። ብዙ ቤት ይባላል፣ የሚባለውም ለልጁ ታዝኖ ነው። እኔ የስድስት ዓመት ልጅ ሳለሁ ታላቅ እህቴ ስትሞት «ክፍለ ሀገር ሄዳለች» ነበር የተባልኩት። አውቶብስ በመጣ ቁጥር ወጥቼ እቆም ነበር። እውነቱን የሰማሁት ከሁለት ዓመት በኋላ ከጎረቤት ልጅ አፍ ነው። እናቴን አልወቅሳትም፣ ሐዘኗ ከአቅሟ በላይ ነበር። ግን ያ አስፋልት ዳር ቆሜ የጠበቅኩት ጊዜ እስከ ዛሬ ከውስጤ አልወጣም።

ደግሞ ይመላለስበታል። ነግረሽው ከጨረስሽ ከሁለት ቀን በኋላ «አባባ መቼ ነው የሚመጡት?» ይልሻል። በዚህ ዕድሜ ሞት መመለሻ እንደሌለው አይገባቸውም፣ ሰው ሄዶ የሚመለስ ነው የሚመስላቸው። እና ያንኑ ቃል በዚያው ረጋ ባለ ድምፅ ድገሚለት። አሥር ጊዜ ከጠየቀ አሥር ጊዜ።

ስለ መምታቱ ብዙ አልልሽም። የነገርሽኝ ራስሽ ነሽ፣ ጸጸትሽም ከጽሑፉ ይታያል። አንድ ነገር ብቻ፦ ይቅርታ ጠይቂው። አማቴ ምን ይሉኛል ብለሽ አትተይው። «ስለመታሁህ ይቅርታ፣ ተናድጄ ነበር። የሰው ዕቃ ግን ሳይጠየቅ አይፈታም» በይው። ሁለቱም ይነገሩት። የተመታ ልጅ ስለ ሬዲዮ ምንም አይማርም፣ የሚማረው ስለ አንቺ ነው። ዛሬ እጁን ይደብቃል፣ ነገ ጥያቄውን ይደብቃል፣ ከዚያ አሥራ አምስት ዓመት ሲሆነው የከበደው ነገር ሲመጣ የሚሄደው ወደ ሌላ ሰው ነው። ይሄ ነው እኔን የሚያስፈራኝ።

አሁን ቤቱን እንየው። ቤትሽ ውስጥ ያለውን ሁሉ ለሁለት ክፈይው፤ የሚገድል ነገርና የሚበላሽ ነገር። እኔ ልጆቼን ሳሳድግ ይሄን አልለየሁም ነበር። ስኳር ሲደፋም እጮሃለሁ፣ ጋዝ ሲያነሱም እጮሃለሁ፣ በተመሳሳይ ድምፅ። ልጅ ጩኸት ሲበዛበት ይለምደዋል፣ የእውነት የሚያስፈራው ሲመጣም ጆሮ አይሰጥሽም።

የሚገድለው ላይ ማስረዳት ብቻውን አይበቃም። ከእጃቸው ማራቅ ነው። የእኔ ትልቁ ስጋት ደግሞ ከሬዲዮውም ከምኑም በላይ ውሃው ነው። እናንተ ጋ ውሃ ስለሚጠፋ ባልዲውና በርሜሉ ሁሌም ሞልቶ ነው የሚቀመጠው። ትንሿን አስቢ። በዚያ ዕድሜ ጭንቅላቷ ከቀረው ሰውነቷ አንጻር ከባድ ነው፣ ባልዲ ላይ ጎንበስ ብላ ከወደቀች ተመልሳ መነሳት አትችልም፣ ልጅ ሲሰምጥ ደግሞ አይጮህም። ጥቂት ደቂቃ ይበቃል። ክዳኑ የሚጠብቅ ጀሪካን ተጠቀሚ፣ በርሜሉ ላይ ክዳን አድርገሽ ከባድ ነገር ጫኚበት፣ የሽንት ቤቱ በር ከላይ በኩል መቀርቀሪያ ይግባለት። ቁልፉም መጸዳጃው ውስጥ መግባቱ በዚያው ይቆማል።

ቀጥሎ በረንዳው። አራተኛ ፎቅ ነው። ወንበር፣ ሳጥን፣ የተገለበጠ ባልዲ፣ ልጅ ሊቆምበት የሚችል ነገር ሁሉ ከዚያ ይውጣ።

ጋዝና በረኪናን በውሃ ፕላስቲክ አታስቀምጪ። ሁላችንም እናደርገዋለን፣ ከሱቅ ሲቀዳም በሃይላንድ ነው የሚሰጠን፣ ግን ጋዝ መልኩ ውሃ ነው። አምላክ አይበለውና ቢጠጣ እንዲያስታውከው አታድርጊ፣ ወተትም አትጋቺው፤ ሲያስታውክ ወደ ሳንባው ይገባና ጉዳቱ ይብሳል። የጠጣበትን ዕቃ ይዘሽ በቀጥታ ሐኪም ቤት። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፣ በሩ ላይ በትልቁ ጻፊው፣ አማትሽም ይወቁት። ቃጠሎ ሲሆን ደግሞ ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ለ20 ደቂቃ ይፍሰስበት፤ ቧንቧው ከሌለ ካጠራቀምሽው በጣሳ እያፈሰስሽ። የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤ፣ እንቁላል አይቀባም። ቡና ካፈላሽ በኋላ ከሰሉን ዝግ ክፍል ውስጥ አታሳድሪው፣ ጭስ ባይኖረውም ይገድላል። ሶኬቶቹንም መክደኛ ግዢላቸው።

ይሄን ከጨረስሽ በኋላ የቀረው ሁሉ የሚበላሽ ነገር ነው። የሚበላሽ ነገር ይበላሽ።

ከታች ካለው ቁምሣጥን አንዱን ክፍል ለእሱ ልቀቂለት። ጣሳ፣ የእንጨት ማማሰያ፣ የድስት ክዳን፣ ቆርኪ፣ ከነመክፈቻው ያለ አሮጌ ጓጉንቸር። «ይሄ ያንተ ነው፣ እንደፈለግህ ፍታው» በይው። ቁራሌው በብሎካችሁ ሲያልፍ አንቺም እንደሌላው ሰው አሮጌ ዕቃ ስጪው፣ ግን ከእሱም አንድ የማይሠራ ሬዲዮ ወይም የግድግዳ ሰዓት ግዢ። ካልተገኘ ምናለሽ ተራ አይጠፋም። ባትሪው መውጣቱን እዪ፣ በተለይ እነዚያ እንደ ቁልፍ ክብ የሆኑት ትናንሽ ባትሪዎች ትንሿ ከዋጠቻቸው ጉሮሮዋን ያቃጥሏታል። ግድግዳ ላይ የሚሰካ ነገር ግን፣ ቢነቀልም እንኳ፣ ክልክል ነው። ይሄ አንዱ ሕግ ነው፣ ሁልጊዜ ያው ይሁን።

መፍቻውን ይዞ አብሮት የሚቀመጠው አባቱ ይሁን። በሳምንት አንድ ቀን፣ ግማሽ ሰዓት። ድካሙን አውቃለሁ፣ ሌሊት ወጥቶ ሌሊት የሚገባ ሰው ነው። ግን አንድ ካቻቪቴ፣ አንድ አሮጌ ሬዲዮና አባት፣ ልጅሽ ከዚህ በላይ የሚፈልገው ነገር ያለ አይመስለኝም። ሹፌርም አይደል፣ የመኪናውን ኮፈን ከፍቶ ዘይት የሚለካበትን ዘንግ ያሳየው። ሞተሩ ቀዝቅዞ እያለ።

ዱቄቱና ዘይቱ ግን ያንቺ ድርሻ ነው፣ እሱ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ቀኑን ሙሉ ልጅ ይዞ የሚውል ሰው ሌላ ጊዜ የለውም፣ ያለሽ ጊዜ ምግብ የምትሠሪበት ነው። «ሂድ ከዚህ» ከምትዪው ሥራ ስጪው። ሽንኩርት ይላጥ፣ ምስር ይልቀም፣ ጨው ይመጥን። ቀርፋፋ ነው፣ ታውቂዋለሽ፣ አሥር ደቂቃ የሚፈጀው ግማሽ ሰዓት ይሆናል። ግን ያ ግማሽ ሰዓት እሱ ሌላ ነገር ሲያበላሽ አንቺ ስትጠርጊ የምታጠፊው ግማሽ ሰዓት ነው።

ሊጥ ስታቦኪ ደግሞ ከሊጡ ትንሽ በጠራ ብርጭቆ ቀንሺለት። የት ድረስ እንደሆነ ብርጭቆው ላይ በእስክሪብቶ ያስምር። ጠዋት ሲነሳ መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ብርጭቆው ይሆናል። ሊጡ ከፍ ብሏል፣ ጎኑ ላይ አረፋ ይታያል። «ማን ነፋው?» ይልሻል። እርሾው ውስጥ በዓይን የማይታዩ ደቃቅ ሕይወት ያላቸው ነገሮች አሉ፣ ዱቄቱን ሲመገቡ አየር ያወጣሉ በይው። በሦስተኛው ቀን ስትጋግሪ ከምጣዱ ራቅ ብሎ ወንበር ላይ ተቀምጦ የእንጀራው ዓይን ሲወጣ ይመልከት። ያው አየር ነው፣ ሙቀቱ ሲያገኘው ሊጡን በስቶ የሚወጣው። እኔ የእንጀራ ዓይን ከየት እንደሚመጣ ሳልጠይቅ ስንት ዓመት ጋገርኩ፤ የጠየቀኝ የልጄ ልጅ ነው፣ አምስት ዓመቱ ነበር።

ድስቱ ሲፈላ ክዳኑን ማን እንደሚያንቀጠቅጠው ጠይቂው፣ እሱ ሳይጠይቅሽ። ይሄን ደግሞ ላንቺ፦ እኛ ያለንበት ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ሳይደርስ 92 ገደማ ላይ ነው። ባቄላና ሽምብራ ቆላ ካለው ዘመድሽ ቤት ይልቅ አንቺ ቤት የሚቆዩት ለዚህ ነው። ለልጁ ቁጥሩ አያስፈልገውም፣ አንቺ ግን ስታውቂው ማብሰሉ ራሱ ደስ ይልሻል።

የጻፍሽልኝን ሦስቱን ጥያቄዎቹንም እንመልስለት፣ እኮ ምን ይከብዳል። ሚስማር የሚዝገው ብረት፣ ውሃና አየር ሲገናኙ ነው። ሁለት ሚስማር ስጪው፣ አንዱን በእርጥብ ጨርቅ ይጠቅልል፣ አንዱን ደረቅ ቦታ ያስቀምጥ፣ በሳምንቱ ይፍታቸው። ውሃው ለምን እንደጠፋ ሲል፣ የአዲስ አበባ ውሃ ከለገዳዲ፣ ከገፈርሳና ከድሬ ግድቦች፣ ከአቃቂ ጉድጓዶችም ተስቦ እንደሚመጣ፣ ለሁሉም ስለማይበቃ በተራ እንደሚለቀቅ ንገሪው። ለገዳዲ ከእናንተ ሩቅ አይደለም፣ አንድ ቀን አባቱ ወደዚያ ሲያልፍ ቢያሳየው እንዴት ይደነቃል።

የጅቡ ነገር ግን ይለያል። ማታ ከኮረብታው በኩል ሲጮህ ይሰማል፣ እናንተም ትሰሙታላችሁ። እባክሽ «ዝም ካላልክ ለጅብ እሰጥሃለሁ» አትበይው። ፖሊስ ይወስድሃል፣ ሐኪሙ በመርፌ ይወጋሃል፣ እነዚህም ይቅሩ፤ ታሞ መርፌ ሲያስፈልገው፣ ጠፍቶ ፖሊስ ሲያስፈልገው ማን ጋ ይሂድ? በዚያ ፈንታ እውነተኛውን ጅብ ስጪው። የሚጮኸው ጓደኞቹን ለመጥራት ነው። መንጋውን የምትመራው ሴቷ ናት። አጥንት ሰብሮ ስለሚበላ ዓይነ ምድሩ ሲደርቅ ነጭ ይሆናል። ይቺን የመጨረሻዋን ሲሰማ ደስታው ወሰን አይኖረውም፣ ለብሎኩ ልጅ ሁሉ ነው የሚያወራው።

የማታውቂውን ሲጠይቅሽ «አላውቅም» በይ። አታፍሪ። «አላውቅም፣ እንጠይቅ» በይና ደብተር ላይ ጻፊው፣ እሱ እያየ። የጥያቄ ደብተር። አባቱ ሲገባ፣ ወይም እሁድ፣ አንዱን አንሥታችሁ ታያላችሁ። ብዙ ጊዜ መልሱን ሳይሆን መጻፉን ነው የሚፈልገው፣ ቁምነገር እንዳወራ ማወቁን። ደብተሩ ለአንቺም እረፍት ነው፤ ራስሽን ሲያምሽ «ጻፍኩት፣ ማታ» ብለሽ ማለፍ ትችያለሽ።

ደብተሩ ሲሞላ አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ውሰዱት። ድንቅነሽን ይይ። በ1967 ዓ.ም. አፋር ሐዳር ላይ የተገኘችው፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ ያላት። ቁመቷ አንድ ሜትር ከትንሽ ብቻ ነው፤ ልጅሽ አጠገቧ ቢቆም ቁመታቸው ተቀራራቢ ነው። አጥንት ምን እንደሆነ፣ ሰው ከሞተ በኋላ ምን እንደሚቀር፣ እዚያ ቆሞ ሲጠይቅሽ ማንም አይቆጣችሁም።

ስልኩን በተመለከተ የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ያወጣውን ልንገርሽ። ከሁለት ዓመት በታች ላለች ልጅ ስክሪን ባይሰጣት ነው የሚመከረው፣ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ላለ ደግሞ በቀን ከአንድ ሰዓት ባይበልጥ፣ ቢያንስ ደግሞ የተሻለ። በሦስትና በአራት ዓመት ያለ ልጅ በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ መንቀሳቀስ አለበት ይላል። ሦስት ሰዓት ነው! አራተኛ ፎቅ ላይ ባለ ሁለት ክፍል ውስጥ ሦስት ሰዓት የሚሮጥበት የለም፣ ስለዚህ ቤት ውስጥ የምታዪው መቀዣቀዥ ግማሹ እግሩ ስላልተፈታ ነው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በረድ ሲል ከብሎኩ ሥር አውርጂው። ጎማ ይንዳ፣ ጭቃ ያቡካ፣ ከልጆቹ ጋር ዕቃቃ ይጫወት። ልብስ ይታጠባል። ስልኩን በአንዴ አትንጠቂው፣ ምግብ የምትሠሪበትን ሰዓት በሊጡና በሽንኩርቱ ከሞላሽው ራሱ ይቀንሳል።

ወደ አማትሽ ልምጣ። እሳቸውን በክፉ አላየኋቸውም፣ አንቺም አትያቸው። የኖሩበትን ሰው አጥተዋል፣ ቤታቸውን ለቀው የልጃቸው ቤት ገብተዋል፣ የቀራቸው ሬዲዮ ተፈታትቶ ወለል ላይ አዩት። ማን አያለቅስም? መጀመሪያ እሱን በያቸው። «እማዬ፣ ሬዲዮው የእሳቸው መታሰቢያ እንደነበር አውቃለሁ፣ ይቅርታ» በያቸው። ከዚያ ሌላ ቀን፣ ቡና እየጠጣችሁ፣ ባለቤትሽ በልጅነቱ ምን ዓይነት እንደነበር ጠይቂያቸው። ምን ሰብሮ ያውቃል? ከየት ወድቆ ያውቃል? ጨዋ ልጅ የሚሉት ሰውዬ ስንት ነገር እንዳበላሸ ያኔ ይወጣል፣ ምናልባትም እሳቸው ራሳቸው ሲያወሩት ፈገግ ይላሉ።

«ልጅ አይጠይቅም» ሲሉሽም አትከራከሪያቸው። እንቆቅልህ ይጫወቱለት በያቸው። ማታ መብራት ሲጠፋ ደግሞ በጣም ይመቻል። «እንቆቅልህ!» «ምን አውቅልህ!» ሳያውቅ ሲቀር «አገር ስጠኝ» ይበሉት፣ እሱም ጎንደርን ይስጣቸው፣ ሐረርን ይስጣቸው። ጥያቄን የማታ ጨዋታቸው ያደረጉ አያቶች ናቸው ያሉን፣ ልጅሽ የጠየቀው ያንን ነው። ስለ አባባም የሚያወራቸው ሰው ቤቱ ውስጥ እሱ ብቻ ይመስለኛል። እናንተ እንዳይከፋቸው ብላችሁ ስማቸውን ከማንሳት ትቆጠባላችሁ። እሱ ያነሳል። አንድ ቀን መልስ ይሰጡት ይሆናል፣ አትከልክያቸው።

«ቀዥቃዣ» ለሚለው፣ አንድ ነገር እዪ። የሚወደው ነገር ላይ ተቀምጦ ይቆያል? ሬዲዮ ፈታትቶ እስኪጨርስ የተቀመጠ ልጅ፣ አባባ አጠገብ ዝም ብሎ ያዳመጠ ልጅ፣ ይቆያል ማለት ነው። ግን ለሚወደውም ነገር ቢሆን ፈጽሞ የማይረጋ፣ እንቅልፍ እምቢ የሚለው፣ ስሙ ሲጠራ የማይዞር ቢሆን የሕፃናት ሐኪም ይየው ነበር የምልሽ።

አንቺስ? ደብዳቤሽ ውስጥ ስለራስሽ ያለው ሁለት መስመር ነው። ቀኑን ሙሉ ከሁለት ልጅና ካዘነች እናት ጋር ብቻሽን ነሽ። ያ ቀን የመታሽው ሬዲዮው ስለተሰበረ ብቻ አይመስለኝም። ከብሎክሽ ልጅ ያላት አንዲት ሴት ፈልጊ፣ በሳምንት ሁለት ከሰዓት ተለዋወጡ፤ አንድ ቀን እሷ ልጆቹን ሁሉ ትይዛለች፣ አንድ ቀን አንቺ። በዚያ ሰዓት ቤት አትጥረጊ። ተኚ፣ ወይም ብቻሽን ሂጂ። ከምሳ በኋላም «ጸጥታ ሰዓት» አድርጊ፣ ትንሿ ስትተኛ እሱ ከቁምሣጥኑ ዕቃ ጋር ይቆያል፣ አንቺ ቁጭ ትያለሽ፣ ማንም አይጠይቅም። መጀመሪያ አሥር ደቂቃ፣ እየቆየ ግማሽ ሰዓት ይሆናል። ንዴቱ ሲመጣብሽ ደግሞ ልጁን ሳትነኪ በረንዳ ላይ ውጪ፣ ትንሿን ደህና ቦታ አድርገሽ። እስኪበርድልሽ ቁሚ።

የአባባን ሬዲዮ ስብርባሪ አልጣልሽውም ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ሁሉንም በፌስታል ሰብስቢው፣ ብሎኖቹንም ሳይቀር፣ አልጋ ሥር የገባ ካለ እሱ ያግኝ። ቅዳሜ ሬዲዮ ጠጋኝ ጋ ውሰጂው፣ ልጁን ይዘሽ። አማትሽም ደስ ካላቸው ይምጡ። ጠጋኙን አስቀድመሽ አናግሪው፣ «ልጁ እንዲያይ ፍቀድልን» በይው፣ አብዛኞቹ ደስ ይላቸዋል። ሲከፈት ያ ሰውዬ ውስጡ እንደሌለ ያያል፣ ድምፁ ከሩቅ በአየር እንደሚመጣ ይነገረው፣ የሚጠይቀውን ሁሉ ይጠይቅ። ሬዲዮው ይሠራ ይሆናል፣ ላይሠራም ይችላል። ብሎኖቹን ግን እሱ ይያዝ፣ በዚያ በሚደብቀው እጁ፣ ጠጋኙ «አምጣ» ሲለው አንድ አንድ እያለ ያቀብለው።